ጋሼ ባቡር ወፍጮ አልፈጩም

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ምድር ባቡሩ ሞዴል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው አንዳንድ አባላት በየጊዜው ስለሚያነሡት ጥያቄ ነው። ይኸውም «በእድሩ መጋዘን ውስጥ ከድንኳኑ ጎን የተቀመጠው የብረት ባቡር ምንድን ነው? ማን ሠራው? ገንዘቡስ ከየት መጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእድር ገንዘብ የለቀስተኛ ገንዘብ ነውና። ስለሆነም የመጨረሻውን አስቀድመን እንመልስ። ከእድሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም። ላሜራው ከጋራዥ የተለቀመ ቁርጥራጭ ነው፤ ቀለሙና ቫርኒሹ የተገዛው ከአምስታችን ኪስ ነው፤ ጉልበቱም የእሑድ ከሰዓት በኋላ ጉልበት ነው። የቀረውን ጥያቄ ለመመለስ ግን የራሳችንን ጥፋት መናገር ግድ ይለናል።

እንደምታስታውሱት፣ ሁላችንም «ጋሼ ባቡር» እያልን የምንጠራቸው አባታችን ያረፉ ጊዜ እድራችን ግዴታውን በሚገባ ተወጥቷል። ጥሩምባው በጊዜው ተነፋ፤ ድንኳኑ በጊዜው ተተከለ፤ ሣጥኑም በልካቸው ተሠራ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ግን «በወጣትነታቸው ዘመን በወፍጮ ቤት ብዙ ዓመት አገልግለው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ» ተባለ። ሰው ሁሉ ሰማ፤ ማንም አላረመም። አፈር ለበሱ፤ እኛም ንፍሯችንን ቀምሰን ተበተንን።

ጽሑፉን የጻፈው ልጅ ከእኛው አንዱ ነው፤ አንፈርድበትም። በእኛ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። እናቶቻችን «ጤፉን ባቡር ቤት ውሰደው» ነው የሚሉት። ዛሬ ደግሞ በወረታ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ስለዚህ ልጁ፣ ሰውየው ባቡር ከተባሉ ወፍጮ ቤት ሳይሠሩ አይቀሩም ብሎ ጻፈ። የእኛ የትልልቆቹ ጥፋት ይብሳል። ጋሼ ባቡር በመካከላችን ይህን ያህል ዘመን መዋጮ ሲከፍሉ፣ ድንኳን ሲተክሉ፣ ሬሳ ሲሸኙ፣ አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ ባቡር የተባሉት ለምንድን ነው?» ብለን አልጠየቅናቸውም።

በአርባቸው ቀን ባለቤታቸው ሁለት ፎቶግራፎች ከሻንጣ አውጥተው አሳዩን። ባለ ጥቁርና ነጭ ናቸው። በአንዱ ላይ ባቡሩ ፊት ለፊት ይታያል፤ በሁለተኛው ላይ ጋሼ ባቡር ገና ጎልማሳ ሆነው፣ ቱታ ለብሰው፣ በባቡሩ ጎን ቆመዋል። «እሳቸው ወፍጮ አልፈጩም ልጆቼ» አሉን እማማ። «ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ዝም ያልኩት በለቀስተኛ ፊት እድሩን ላለማሳፈር ነው።»

ይህን ስንሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን ነበር። ከአርባ ቀን በፊት የተነበበን ቃል መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ አንዱ የሩዝ መፈልፈያ ጠጋኝ፣ አንዱ አናጢ፣ አንዱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱም ያን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ልጅ ሆነን፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ባቡር እንሥራና ቢያንስ ሥራቸው ምን እንደነበረ ለሰፈራችን እናሳይ አልን።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን ስንል ስለ ምድር ባቡሩ ጥቂት እንናገር። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ደጋ ማውጣት ከባድ በመሆኑ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ስለተደረገ፣ ድሬዳዋ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ፣ ሌላ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ፣ የእኛው ጠባብ ሐዲድ ይባላል። ጠባብ ሐዲድ አጭር መታጠፊያ ላይ ይዞራል፤ የመሬት ቆረጣውም የድልድዩም ወጪ ይቀንሳል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መስመር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባቡሩ በመጀመሪያ በእንፋሎት ይሄድ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ሞተር ተተካ። ጋሼ ባቡር የሠሩት በዚሁ በናፍጣው ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሌላ ነው፤ የራሱ ሰፊ ሐዲድ አለው። የቀድሞው ጠባብ ሐዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ሥራውን አቁሟል።

«ወረታ ሐዲድ የት አይታ ነው ባቡር የምትሠራው?» ያሉን አሉ። እውነት ነው፤ በፎገራ ሜዳ ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ አይተን ይሆናል እንጂ ባቡር ሲያልፍ አላየንም። ነገር ግን በሩቅ የሰሙትን መኪና በእጅ ሠርቶ መሞከር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ የእንፋሎት መርከብን በማስመሰል ትልልቅ የደንገል ታንኳ አሠርተው፣ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር በጎንና በጎኑ አስገጥመው ነበር። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልንም በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ጭነው በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። የእኛ ሥራ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ለድፍረቱ ግን ምሳሌ አላጣንም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በውጭ አገር ሞዴል ባቡር መሥራትን እንደ ትልቅ ሙያ የያዙ ሰዎች አሉ። የጀርመኑ የሌማን ፋብሪካ በኑረምበርግ ከተማ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1968 ማውጣት የጀመረው ትልቅ ሞዴል ባቡር፣ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ይህም የ1 ሜትሩ ጠባብ ሐዲድ 22 ጊዜ ተኩል ሲያንስ የሚመጣው ልክ ነው። እኛ ግን ስሌቱ እንዳያስቸግረን አሥር ጊዜ ማሳነስን መረጥን። ስለዚህ 1 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ከዚህ በኋላ ማንም በቃሉ ሊያሰላው ይችላል።

ልኩን ከፎቶግራፉ ነው ያወጣነው። ፊት ለፊት በተነሣው ላይ በሐዲዶቹ መካከል ያለው 2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የባቡሩ ስፋት 5.4 ሳንቲ ሜትር፣ ከሐዲድ እስከ ጣሪያ ያለው ቁመት 7.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐዲዱ 1 ሜትር መሆኑን ካወቅን ስፋቱ 2 ሜትር ከ70፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ይህ የሚያስኬደው ግን ሐዲዱን የምንለካው ከባቡሩ አፍንጫ ሥር ከሆነ ብቻ ነው። ወደ ካሜራው የቀረበው ሐዲድ ሰፍቶ ስለሚታይ ያታልላል፤ እኛንም በመጀመሪያው ቀን አታሎናል።

የባቡሩ ርዝመት አስቸገረን። በጎን በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ሐዲዱ በሣር ተሸፍኗል፤ የሚታወቅ ልክ የለም። ኋላ ግን አናጢያችን «የእሳቸውን ቁመት እኮ እናውቃለን፤ ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ70 ነበር። በፎቶግራፉ ላይ እሳቸው 2 ሳንቲ ሜትር፣ ባቡሩ 14 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ባቡሩ 11 ሜትር ከ90 መጣ። ለእማማ ብንነግራቸው «ሲያረጁ እኮ አጥረዋል» አሉን። በሌላ መንገድ ደግሞ የባቡሩን የራሱን ቁመት ተጠቅመን ስናሰላው 12 ሜትር ሆነ። እማማ ልክ ነበሩ፤ ጋሼ ባቡር በእርጅናቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል አጥረው ነበር። ሞዴሉንም 1 ሜትር ከ20 አደረግነው።

አጽሙን በአንግል ብረት፣ ቀፎውን በላሜራ ሠርተን በስታኞ በየድን። መስኮቱን በመቀስ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካከልን። ባቡሩ ስምንት እግር አለው፤ አራት ከፊት፣ አራት ከኋላ ሆነው በሁለት ጋሪ ላይ ተጠምደዋል፤ ጋሪዎቹ ለየብቻ ስለሚዞሩ ረጅሙ ቀፎ መታጠፊያ ላይ አይቸገርም። እግሮቹ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። በመጀመሪያ እግሩ ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚይዘውን ከንፈር በውጭ በኩል አደረግነው፤ በውስጥ በኩል መሆን ነበረበት። ሁለተኛ፣ እግሮቹን ከሐዲዱ ጋር ልክ በልክ ስናደርጋቸው ተቸነከሩ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ። የእግሩም ፊት እንደ በርሜል ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ውጭ ጥቂት የሾጠጠ ነው። እግሩ በሐዲዱ መካከል ተስተካክሎ የሚሄደው በዚህ ነው፤ መፈልፈያ ጠጋኙ ቶርኖ ላይ ደግሞ አስገብቶ አስተካከለው።

ከአራት ወር በኋላ ባቡሩ ቆመ። ቀለሙን ድሬዳዋ የሚኖሩ የሥራ ጓደኛቸውን በስልክ ጠይቀን፣ ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ቫርኒሽም ደረብንበት። እንደ መስተዋት ፊት ያሳይ ነበር። ደስ ብሎን ተሸክመን እማማ ዘንድ ወሰድነው። ዞረው ዞረው አዩትና «በጣም ያምራል፤ እግዜር ይስጣችሁ» ካሉ በኋላ «ግን ይሄ ገና ሥራ አልጀመረም። የሳቸው አይደለም» አሉ።

እኛም ቤታችን ተመልሰን ማስረጀት ጀመርን። እንግዲህ አሮጌ ከሆነ ይዝግ ብለን፣ ጨውና ኮምጣጤ አርከፍክፈን፣ ከጓሮ የፎገራን ጥቁር ዋልካ አምጥተን መረግነው። እንደገና ወሰድነው። በዚህ ጊዜ እማማ ተቆጡ። «ይሄ እኮ የተጣለ ብረት ነው! የሳቸውን ባቡር ዝገት አይበላውም ነበር፤ በየቀኑ ይሠራ ነበር» አሉ። ዋልካውም ደርቆ ተሰነጣጥቆ በፊታቸው ረገፈ።

በሥራ የቆሸሸና ተጥሎ የቆሸሸ አንድ እንዳልሆነ የተማርነው ያን ዕለት ነው። የተጣለ ብረት ሁለንተናው ይዝጋል። የሚሠራ ብረት ግን የሚንቀሳቀሰውና ሰው የሚነካው ቦታ ይጠራል፤ የማይነካው ቦታ ይጠቁራል። መፈልፈያ ጠጋኛችን ይህን ሲሰማ «እንዴ! የኔም ሞተር እንደዚያ ነው» አለ።

ቆሻሻው የት የት እንደሆነ ያስተማሩን እማማ ናቸው። ባቡሩን ቀርበው አያውቁትም፤ ቱታውን ግን ሃያ ስድስት ዓመት አጥበዋል። በላምባ ነክረው፣ በአመድ ፈትገው፣ በሳሙና ደግመው ያጥቡ ነበር። የእጅጌው ጫፍ በግራሶ ይጠቁራል አሉ። ከኪሱና ከሱሪው ጫፍ ቀይ ዱቄት የሚመስል ይራገፋል። ትከሻው ላይ ጥላሸት አለ። ኮሌታው ላይ ነጣ ያለ አቧራ ይቀመጣል። እኛም እያንዳንዱን ወደ ባቡሩ መለስነው።

ቀዩ ዱቄት የፍሬን ነው። የፍሬኑ ብረት እግሩን ሲፈትግ ይደቅቅና ዝጎ በጋሪዎቹ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሞርሳው ሥር የብረት ብናኝ ጠርገን፣ በኮምጣጤና በጨው አዝገን፣ አድርቀን፣ ፈጭተን፣ በነጠላ ነፍተን፣ ከቀጭን ቫርኒሽ ጋር ለጋሪዎቹ ብቻ ቀባን። ጥላሸቱ የጭስ ማውጫው ነው። የናፍጣው ሞተር እግሮቹን በቀጥታ አያዞርም፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን ያዞራል፤ ኤሌክትሪኩ ነው በጋሪዎቹ ውስጥ ያሉትን ሞተሮች የሚያዞረው። ስለዚህ ጭሱ በጣሪያው ላይ ይወጣል። ከምጣድ ቂጥ ጥላሸት ፍቀን፣ በደረቅ ብሩሽ ከጭስ ማውጫው ወደ ፊትም ወደ ኋላም አሻሸን፤ ባቡሩ በሁለቱም በኩል ይሄዳልና። ግራሶውን በመጋጠሚያዎችና በነዳጅ መሙያው አፍ ላይ ብቻ ነካ ነካ አደረግን። የዝናቡን መስመር፣ ብሩሹን አኳራጅ አስነክተን ከጣሪያ ወደ ታች ቀጥ አድርገን ጎተትነው። ውሃ ወደ ጎን አይፈስም፤ ሲቸኩሉ ግን ይረሳል።

አቧራው የመጨረሻው ነበር። የእኛ ዋልካ ጥቁር ነው፤ የዚያ ቆላ አቧራ ነጣ ያለ ነው። ወደዚያ የሚመላለስ አንድ ሾፌር ዘመዳችን ከድሬዳዋ በፌስታል ጥቂት አፈር አመጣልን። በወንፊት ነፍተን፣ ከታች አብዝተን፣ ወደ ላይ እያሳነስን በተንነው። በመጨረሻም የሩዝ ገለባ አመድ በጨርቅ ይዘን፣ የመወጣጫውን እጀታ፣ የበሩን መያዣ፣ የደረጃውን ጠርዝና የእግሮቹን ፊት ብረቱ እስኪጠራ ድረስ ፈተግን። ሰውና ሐዲድ የነካው ቦታ እንግዲህ ያ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ስንወስደው እማማ ምንም አልተናገሩም። እጀታውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ «የኋለኛው በር በቀኝ በኩል ነው ይበልጥ የሚጠራው፤ ቀኛቸውን ነበር የሚይዙት» አሉ። እሱንም አስተካክለናል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ሥራ የተማርነውን ባጭሩ እንናገርና እናብቃ። እኛ የሰውን ቁመት ለሣጥን እንለካለን፤ ሥራውን ግን አንጠይቅም። ጋሼ ባቡር በሕይወት ሳሉ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ብንቀመጥ፣ አራት ወር የደከምንበትን ሁሉ በአንድ ሲኒ ቡና ይነግሩን ነበር። ደግሞም የሰው ሥራ ምስክሩ እሱ ብቻ አይደለም። ልብሱን ያጠበችው፣ ስንቁን የቋጠረችው ታውቃለች። የእማማን ሃያ ስድስት ዓመት አጠባ ማን ሥራ ብሎ ጻፈው?

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ ስለ ጋሼ ባቡር «ወፍጮ ቤት» ተብሎ የተጻፈው ተሰርዞ «የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ» ተብሎ እንዲታረም፣ እርማቱም በዚህ ጉባኤ ፊት በንባብ እንዲሰማ። ሁለተኛ፣ ጸሐፊያችን አንድ ደብተር ገዝተው፣ ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች ጀምረው፣ የእያንዳንዱን አባል ሙያና የሥራ ዘመን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ከራሱ አፍ እንዲጽፉ። ታንኳ የሚሠራው፣ ከብት ያረባው፣ ሩዝ ሲጀመር የዘራው፣ እንጀራ ጋግራ ልጅ ያስተማረችው ሁሉ ይጻፍ። የመጀመሪያውን ገጽ ያ የተሳሳተው ልጅ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነው።

ሞዴሉ ለሽያጭ አይደለም፤ ከመጋዘን የሚወጣውም በእማማ ፈቃድ ነው። ልጆች መጥተው እጀታውን ቢነኩ አንከለክልም፤ ሲነካ ይጠራል እንጂ አይበላሽም። አቧራውን ግን በጨርቅ እንዳትጠርጉብን አደራ፤ ባለፈው ወር አንድ ደግ ሰው አሳዝኖን ጣሪያውን አጽድቶልን እንደገና ሠርተነዋል።

ላሜራ ለሰጡን፣ ሞርሳ ላዋሱን፣ ከሁሉም በላይ ሦስት ጊዜ በራቸውን ለከፈቱልን ለእማማ ምስጋናችን የላቀ ነው። ለጋሼ ባቡርም አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።